ፍርሃቱም ሥራውም የራስሽ ይሁን

ልጄ፣ የላክሽልኝን ታሪኮች አንብቤ ጨርሻለሁ። ያስፈራሉ፤ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም። እናትሽ «ሰይጣን ስትጠራ ታመሻለች» ብላ እንደተጨነቀች፣ ጓደኞችሽም «በዚህ አገር በአስፈሪ ልብ ወለድ ማን እንጀራ በላ?» እንዳሉሽ ነግረሽኛል። አንቺ ግን መጻፉ አልበቃ ብሎሽ ታሪኩን በካሜራ ልትሠሪው ተነሥተሻል። ተዪው አልልሽም። እንዴት እንደምትዘልቂበት የማስበውን ግን ልንገርሽ።

የምለው አንድ ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ የእሱ ማብራሪያ ነው። የምታስፈሪበት ነገር ከገዛ አገርሽ የበቀለ ይሁን፤ የሠራሽውም ሥራ ከገዛ እጅሽ አይውጣ። በተዋሱት ፍርሃት የተሠራ ፊልም ተመልካቹን አይነካውም፤ ለሌላ አሳልፈው የሰጡት ሥራም ሠሪውን አያኖረውም።

ከእናትሽ ጭንቀት ልጀምር። የፍርሃት ጽሑፍ ለጎንደር ምድር እንግዳ እንዳልሆነ ንገሪያት። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ ብራና ያወጣል፤ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ሰፍቶ ክታብ ይጽፍበታል። በክታቡ ላይ ሕፃናትን የምትገድለው የወርዘልያ ታሪክ አለ፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋት የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ዓይናቸው የፈጠጠ ጠልሰሞች አሉ። ጥቅሉ ሲዘረጋ ጽሑፉና ሥዕሉ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። አንቺ ልብ ወለድና ፊልም ብለሽ ለሁለት የከፈልሽውን ሥራ የቀደሙት ሰዎች በአንድ ብራና ላይ ሠርተውታል። ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ክታብ በበጎ እንደማታየው አውቃለሁ፤ እመኚበት አላልኩሽም። ሙያውን ግን አጥኚው። በተለይ አንድ ነገሩን ልብ በዪ፤ ያ ሁሉ አስፈሪ ነገር የሚሣለው ወላዷንና ሕፃኑን ለመጠበቅ ነው። ማስፈራቱ በክፉው ላይ እንጂ በታመመው ላይ አልነበረም። ታሪክ በጻፍሽ ቁጥር «ይህ ፍርሃት ማንን ይጠብቃል?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ከላክሽልኝ ታሪኮች በአንዱ ውስጥ ሌሊት ጅብ የሚሆን ባለእጅ አለ። አጻጻፍሽ ግሩም ነው፤ ታሪኩን ግን እንዳለ አታውጪው። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ስንት ዘመን እንደተገፉ ታውቂያለሽ። ማረሻውን ከእጃቸው እየተቀበለ፣ በእንስራቸው ውኃ እየቀዳ፣ ልጁን ግን ከልጃቸው ጋር የማያጋባ ሕዝብ ነበርን። ቤተ እስራኤሎችም በዚሁ ስም ብዙ መከራ አይተዋል። ልጅ በታመመ ቁጥር ጣት የሚቀሰርበት ጎረቤት ነበረ። ይህ ለእነሱ ተረት አይደለም፤ የኖሩት ኑሮ ነው።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት አለልሽ፤ ሂጂና እዪው። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1867 ገደማ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እዚያ ነው። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ያ መድፍ በጋይንት በኩል ገደሉ እየተደለደለ፣ መንገድ እየተቆረጠ መቅደላ ድረስ ተጎተተ፤ ዛሬም እዚያው ነው። ንጉሡ ለብረት ሥራ ያንን ሁሉ ክብር ሲሰጡ፣ እዚሁ አገር የሚኖረው ቀጥቃጭ ግን በመንደሩ ይፈራና ይናቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን ቶሎ አልጠፋም። ስለዚህ ስለ ቡዳ መጻፍ ከፈለግሽ ታሪኩን ከተከሳሹ ቤት ጀምሪው። ሕፃን በሞተበት ሌሊት መንደሩ ችቦ ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ደጅ ሲመጣ፣ ውስጥ ሆና ልጆቿን አፋቸውን ይዛ የምታዳምጠውን ሚስት ጻፊ። እመኚኝ፣ ከማንኛውም ጅብ ይልቅ እሷ የምትሰማው የእግር ኮቴ ያስፈራል። እውነቱም ከእሷ ጋር ነው።

እንደዚሁ ጸበል ቦታ ሄደሽ የሚጮኸውን በሽተኛ በስልክ አትቅረጪ። ዛሬ ይህን የሚያደርጉ ብዙ ናቸው፤ ተመልካችም አያጡም። ያ ሰው ነገ ይድናል፤ ምስሉ ግን እየተከተለው ይኖራል። ጩኸቱ ካስፈለገሽ ተዋናይ አሠልጥነሽ አስጩኺ። ጦርነት ያየ አገር ውስጥ እንደምንኖርም አትርሺ። ኀዘን ገና ያልወጣለት ቤት በዙሪያሽ አለ፤ የእነሱን ለቅሶ ለማስደንገጫ አትጠቀሚበት። መጻፍ ካለብሽም መጀመሪያ ሂጂና አስተዛዝኚ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቂ።

«ታዲያ ምን ቀረልኝ?» ትዪኝ ይሆናል። ዋናው ቀረልሽ። ለዚህ የማሳይሽ ሰው ከዚሁ ከጎንደር የወጣ ነው፤ ኃይሌ ገሪማ። አስፈሪ ፊልም ሠሪ ብሎ የሚጠራው የለም፤ ነገር ግን ፍርሃትን በፊልም እንዴት እንደሚያሳዩ ከእሱ የበለጠ የሚያስተምርሽ ኢትዮጵያዊ አላውቅም። «ጤዛ» የተባለውን ፊልሙን ፈልገሽ እዪው። ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተቆራርጦ ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ይመለሳል። እናቱ ትቀበለዋለች፤ ሌሊት ግን ቅዠት ያባንነዋል። የደርግ ዘመን ግድያ፣ በባዕድ አገር የደረሰበት ጥቃት፣ ለውትድርና እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ የሚደበቁ የመንደሩ ወጣቶች፣ ሁሉም በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይጋጫሉ። ጭራቅ የለበትም፤ ጋኔን የለበትም። አንድ በር ሲንኳኳ ግን ልብሽ ይቆማል፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን የተንኳኳ በር ምን እንደሚያመጣ እያንዳንዱ ቤት ያውቃል። ደራሲውን በዓሉ ግርማን አስቢው። «ኦሮማይ» የተባለው ልብ ወለዱ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ወጥቶ የቀረ ሰው የሚጠበቅበት ቤት በዚህ አገር ስንት አለ? ልትጽፊው የሚገባሽ ፍርሃት እዚያ ነው።

የኃይሌን የሥራ መንገድ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ተመልከቺው፤ ጓደኞችሽ ላነሡት የእንጀራ ጥያቄ መልሱ በውስጡ አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ ስለ ጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ተውኔት እየደረሱ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ልጁም በአባቱ ቡድን ውስጥ መድረክ ላይ አደገ። በሌላ በኩል ሲኒማ ቤት የሚመጣውን የታርዛንና የካውቦይ ፊልም ይመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ትወና ለመማር ወደ ቺካጎ ሄደ፤ ከዚያም ካሊፎርኒያ ሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊልም ተማረ። በአብዮቱ ሰሞን አገሩ ተመልሶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በጥቁርና ነጭ፣ በአጭር ጊዜ ቀረጸ። ገበሬዎችና የመሬት ጌታ ያሉበት ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በሎካርኖ ፌስቲቫል ተሸለመ።

እንጀራውን ከየት አገኘው? እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተማረ። ደመወዙ ቤቱን አስተዳደረ፤ ፊልሙ ደግሞ ገንዘብ ላለው ሰው ሳይገዛ ነጻ ሆኖ ኖረ። ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። ከበርሊን ፌስቲቫል ውድድር የደረሰ ፊልም ነበር፤ እነሱ ግን ማን ያየዋል አሉ። ባልና ሚስቱ ሲኒማ ቤት ራሳቸው እየተከራዩ፣ ማኅበረሰቡን እያስተባበሩ ከከተማ ከተማ አሳዩት። ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። ባገኙት ገቢ ዋሽንግተን ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ከፈቱ፤ ስሙንም ሳንኮፋ አሉት። ፊልሙ በእጃቸው ስለነበር ከ28 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ሲቀርብ ባለቤቶቹ እነሱው ነበሩ። «ጤዛ»ም ዓመታት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ልጄ፣ ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ዕድሜ ነው። በችኮላ የተሠራ አይደለም።

ስለዚህ ሌላ ሙያ ይኑርሽ። አስተምሪ፣ ፎቶ ቤት ሥሪ፣ ሠርግ ቅረጪ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ብርሃን ያውቃል፣ ሰው ሳይጠብቀው ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፣ ኤዲቲንግ ይማራል። የሚያሳፍረው የማታምኚበትን ፊልም ለብር ብለሽ መሥራት ነው።

ልብ ወለዱን ወደ ፊልም የማሻገሩ ነገር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ይህን ዘውግ በእንግሊዝ አገር ካቆሙት አንዷ ሜሪ ሼሊ ናት፤ «ፍራንከንስታይን»ን መጻፍ ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1818 ሲታተም ስሟ እንኳ አልወጣበትም። ለእኛ ዘመን የሚቀርበውን ክላይቭ ባርከርን አንብቢ። የሊቨርፑል ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 በእሱ ጽሑፍ ላይ ተመሥርተው ሌሎች የሠሯቸው ሁለት ፊልሞች አሳዘኑት። ሦስተኛውን ራሱ ለማዘጋጀት ቆረጠ፤ በ1986 ባወጣው አጭር ልብ ወለድ ላይ ተመሥርቶ በ1987 «ሄልሬይዘር»ን በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሠራ። አብዛኛው ታሪክ አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ገንዘቡ የበቃው ለዚህ ነው። አንቺም አንድ ቤት፣ ጥቂት ሰው፣ አንድ ሌሊት ያለው ታሪክ ምረጪ።

መብትሽንም ጠብቂ። ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ የፒትስበርግ ሰው ከጓደኞቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1968 በ114 ሺህ ዶላር ገደማ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት»ን ሠራ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የዞምቢ ፊልም ሁሉ ከዚያ የተወለደ ነው። አከፋፋዩ የፊልሙን ርእስ ሲለውጥ የባለመብትነቱ ማስታወቂያ ከፊልሙ ላይ ሳይጻፍ ቀረ፤ በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ፊልሙ የማንም ሆነ። ማንም እያባዛ ሸጠው፤ ሠሪዎቹ ግን የድካማቸውን አላገኙም። በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ታሪክሽን «ልሥራልሽ» የሚል ፕሮዲውሰር ሲመጣ ቡና ጠጥተሽ፣ አመስግነሽ፣ ውሉን በጽሑፍ ጠይቂ። የምትሰጪው ለፊልም ብቻ ነው ወይስ ለተከታታይ ድራማም? ለስንት ዓመት? ሳይሠራው ቢቀር መብቱ ይመለስልሻል? ይህን ሳይጻፍ አትፈርሚ። ዘመድ ቢሆንም አትፈርሚ፤ ዘመድነት የሚጠበቀው ነገሩ ግልጽ ሲሆን ነው። አብረውሽ ለሚሠሩትም እንደዚያው አድርጊ። ገንዘብ ባይኖርሽ እንኳ ድርሻቸውን ጻፊላቸው፤ ምሳቸውንና የማታ መመለሻቸውን አትርሺ።

ስለ ሥራው ጥቂት ልጨምር። ለመፍራት ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲያነብ አገር ሁሉ ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር፤ ያለ ምንም ምስል፣ በአንድ ሰው ድምፅ ብቻ። ውድ ካሜራ ከምትገዢ ጥሩ ማይክሮፎን ግዢ። ከጉና ተራራ ሥር ክረምቱን ታውቂዋለሽ፤ ጭጋጉ ሲወርድ ከአጥር ወዲያ ያለው አይታይም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ የጎረቤት ድምፅ አይሰማም። የቡሄ ሰሞን የጅራፉ ጩኸት ከኮረብታ ኮረብታ ያስተጋባል። እነዚህ በነጻ የተሰጡሽ ናቸው፤ ሆሊውድ ቢፈልጋቸው በብዙ ብር ያሠራቸዋል። ጭራቁን ግን ቶሎ አታሳዪ። አያቶቻችን ምድጃ ዳር ሲያወሩ ጅቡን አይሥሉትም ነበር፤ ውሻው መጮኹን አቆመ ብለው ዝም ይላሉ፤ የቀረውን ልጁ ራሱ ይጨርሰዋል።

ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የምትቀርጪ ከሆነ አስተዳዳሪውን አስቀድመሽ አነጋግሪ። ታቦትና ጸሎትን ለማስፈራሪያ አትጠቀሚ። ይህን የምልሽ ሰው ስለሚቆጣ ብቻ አይደለም፤ ሰው በመከራው ጊዜ የሚደገፍበትን ነገር መጫወቻ ያደረገ ጸሐፊ አንባቢው በሌላውም ነገር አያምነውምና ነው።

ትዕግሥቱን ከዚሁ ከአካባቢሽ ተማሪ። የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ድጓን ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አምባ ለመማር ከሩቅ አገር የሚመጣው ተማሪ ቁራሽ ለምኖ እያደረ ዓመታት ይቀመጣል፤ መምህሩ «በቃህ» ሳይሉት መምህር ነኝ አይልም። አንቺም የሙያውን ታላላቆች አንብቢ፣ የወደድሽውን ፊልም ድምፁን ዘግተሽ እዪው፣ ቀጥሎ ምስሉን ዘግተሽ አዳምጪው፤ እንዴት እንደተሠራ ይገለጥልሻል። አዲስ ነገር ይዘሽ ስትመጪ ደግሞ ታላላቆቹ ላይቀበሉሽ ይችላሉ። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ ይታወሳሉ፤ የጣናን ሞገድ አይተው አዲስ አቋቋም መቀመራቸውን፣ የጎንደር ሊቃውንት አልቀበል ማለታቸውን ግን ስንቱ ያውቃል? ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ እሱም ደብረ ታቦር ላይ ወንበር ዘርግቶ አስተማረው፤ ተክሌ አቋቋም ተብሎ እስከ ዛሬ ይዘመማል፤ እንዲህ ሲነገር ሰምተናል። ትልቁ ከተማ ሥራሽን ባይቀበል ሌላ ቦታ አለ፤ ሥራው ጥሩ ከሆነ ተከትለው ይመጣሉ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። የቀጥቃጩን ሚስት ታሪክ እንደገና ጻፊው። ከማሳተምሽ በፊት በሸክላና በብረት ሥራ ለሚተዳደሩ ሰዎች አንብቢላቸው፤ «ይህ አልሆነም፣ ይህ እንዲህ ነበር» ያሉሽን አስተካክዪ። ከዚያ አጭር ፊልም አድርጊው። መጀመሪያም ለእነሱ አሳዪ፤ ቀጥሎ ለደብረ ታቦር ሕዝብ፣ ቀጥሎ ለአዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ለውጭ ፌስቲቫል ላኪው። ቅደም ተከተሉን አታዛቢው። ባለ ታሪኮቹ «ልክ ነው» ያሉትን ፊልም ማንም ዳኛ ሊያስተባብልሽ አይችልም።

ብዕርሽን ይባርክልሽ፤ የተፈሩትን የምታስከብሪበት፣ ክፉውን የምታስደነግጪበት ይሁንልሽ። አሜን በዪና ሥራ ጀምሪ።